ጉዱ ካሳ በአንድ ዓይን ወይስ በሁለት? ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሥዕላዊ እትም

ከክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይበልጥ የተነበበና የተወደደ የአማርኛ ልብ ወለድ መኖሩን እንጠራጠራለን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመ ወዲህ ስድሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በተደጋጋሚ ታትሟል፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ራዲዮ ተተርኮ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ሳይቀር ደርሷል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቴዎድሮስ ካሣሁን «ማር እስከ ጧፍ» በተሰኘው ዘፈኑ ታሪኩን ላላነበቡት ወጣቶች አስተዋውቆታል። ይሁን እንጂ በብዙዎቻችን መደርደሪያ ላይ የሚገኘው እትም ከሽፋኑ በስተቀር ከዳር እስከ ዳር ፊደል ብቻ ነው።

ይህ መጽሐፍ ሥዕል ተጨምሮበት እንደገና ይታተም ቢባል ሥዕሉ እንዴት ያለ ሊሆን ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ቅንጦት መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። በስደት ለምንኖር ሰዎች ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አማርኛውን ተምረው መጽሐፉን ቢያነቡት እንኳ «ደበሎ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ በዓይነ ኅሊናቸው የሚመጣ ነገር የለም። አኩፋዳ፣ እልፍኝ፣ ለምድ ለእነርሱ ስም ብቻ ናቸው፤ መዝገበ ቃላት ቢፈታላቸውም አንዱን ያልታየ ነገር በሌላ ያልታየ ነገር መተካት ይሆናል። ስለዚህ ሥዕል ያስፈልጋል የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን። ከእነርሱ የምንለየው፣ ሥዕል የድርሰቱን ትርጉም ሳይነካ ቃሉን ብቻ የሚያብራራ ታዛዥ አገልጋይ ነው በሚለው ግምታቸው ነው። ሥዕል ይፈርዳል። ደራሲው በሦስት መቶ ገጽ አንጠልጥሎ ያቆየውን ፍርድ ሠዓሊው በአንድ ገጽ ሊጨርሰው ይችላል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐርየት ቢቸር ስቶው እ.ኤ.አ. ከ1832 እስከ 1850 የኖረችው በዚሁ በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ ነበር። ከከተማው ሥር የሚፈሰው የኦሃዮ ወንዝ በዚያን ጊዜ የባርነትና የነፃነት ወሰን ነበር። «የአጎት ቶም ጎጆ» የተባለው ልብ ወለዷ እ.ኤ.አ. በ1852 በቦስተን በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ ሐማት ቢሊንግስ የሣላቸው ስድስት ሥዕሎች ነበሩበት፤ ገበያው ከታሰበው በላይ ሲሆን አሳታሚው ለዚያው ሠዓሊ ከመቶ በላይ ሥዕል አሠርቶ ሌላ እትም አወጣ። በለንደን ደግሞ ጆርጅ ክሩክሻንክ ሃያ ሰባት ሥዕል ሠራለት። ደራሲዋ የጻፈችው ቶም ደረተ ሰፊ፣ ብርቱ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው የሥዕልና የቲያትር ማስታወቂያ ጎርፍ ውስጥ ግን ይህ ሰው እያረጀ፣ ጠጉሩ እየሸበተ፣ ወገቡ እየጎበጠ ሄዶ የቀድሞው ጉልበቱ ጨርሶ ተረሳ። ስሙ ዛሬ የስድብ ቃል ለመሆኑ ሥዕሉ ብቻውን ተጠያቂ ባይሆንም ከተጠያቂዎቹ አንዱ ነው። ኤሊዛ ልጇን ታቅፋ በበረዶው ላይ ወንዙን ስትሻገር ከኋላዋ የሚያሳድዷት ውሾችም በመጽሐፉ ያ ምዕራፍ ውስጥ የሉም፤ መድረኩና የግድግዳው ማስታወቂያ የጨመሯቸው ናቸው። ሆኖም መጽሐፉን ሳያነብ ውሾቹን የሚያስታውስ አሜሪካዊ ብዙ ነው።

ደራስያንም ይህን ያውቁ ነበር። ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1862 በደብዳቤው ልብ ወለዶቹ በሥዕል እንዳይታተሙ አጥብቆ የተቃወመው፣ በቃል የተጻፈች ሴት አንባቢውን ብዙ ሴቶችን እንዲያስብ ስታደርገው በእርሳስ የተሣለችው ግን አንዲት ሴት ብቻ ሆና ትቀራለች በሚል ምክንያት ነበር። ካፍካም እ.ኤ.አ. በ1915 «ሜታሞርፎሲስ» ሲታተም ነፍሳቱ በሽፋኑ ላይ ከሩቅ እንኳ እንዳይታይ አሳታሚውን ለምኗል። ሠዓሊው ኦቶማር ሽታርከ የሣለው በተከፈተ በር ፊት ፊቱን በእጆቹ የሸፈነ ሰው ነው። ክልከላው የሠዓሊውን ሥራ አላመከነውም፤ እንዲያውም አሻሻለው እንላለን።

በእኛ በኩል ነገሩ የተለየ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ኢጣሊያ የተላከው ሥዕል ሊማር ነበር፤ በቱሪን የሥነ ጥበብ አካዳሚም ተምሯል። ሠዓሊ እንዲሆን የተላከው ሰው ግን በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው ዛሬ ስሙ የሚነሣው። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ ከሠዓሊ እጅ ተወልዶ ከሥዕል ተለይቶ አደገ ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን መጽሐፍና ሥዕል በአገራችን ብዙ መቶ ዓመታት አብረው ኖረዋል። ጸሐፊው ብራናውን ሲጽፍ ለሠዓሊው ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ሠዓሊው ሳይመጣ ቀርቶ ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ የሆነባቸው መጻሕፍትም አሉ። ከሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር መግለጫ ይጻፋል፤ ያሠራው ሰውም ከታች ተደፍቶ ይሣላል። ከውጭ የመጣን ሥዕል ወደ ራስ መመለስም ለእኛ አዲስ አይደለም። በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 የታተመው የዓረብኛ ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ በነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች የተሞላ ነበር። መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ዘመን ሠዓልያን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቀድተዋቸዋል፤ ሲቀዱ ግን የሮሙን ጥላና ርቀት ትተው በራሳቸው መስመርና በራሳቸው ቀለም ሠሩዋቸው። በዚህ አሠራር ውስጥ ለዛሬው ሠዓሊ ከማንኛውም የአውሮፓ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ያለ ይመስለናል።

ከዚህ ላይ ዋናው ነገራችን ይመጣል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው፣ ሰይጣኑ፣ ይሁዳ፣ አንድ ዓይን ብቻ እየታየው በጎን ይሣላል። የዓድዋን ጦርነት የሣሉት የአገር ባህል ሠዓልያንም ኢትዮጵያውያኑን በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹን በአንድ ዓይን አሰልፈዋቸዋል። ይህ ልማድ ለአንድ ልብ ወለድ ሲውል ምን ይፈጠራል? ፊታውራሪ መሸሻ በየትኛው ይሣሉ? ዘራቸውን የሚቆጥሩ፣ በባላገሩ ላይ ግብር የሚያከብዱ፣ የልጃቸውን ዕድሜ በኩራታቸው የሚያሳልፉ ሰው ናቸውና አንድ ዓይን ይበቃቸዋል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪን ሰይጣን አላደረጓቸውም። አንባቢው ይስቅባቸዋል፣ ይቈጣቸዋል፣ በባላገሮቹ እጅ ሲወድቁ ደግሞ ሳይወድ ያዝንላቸዋል። በጎን የተሣለ ፊታውራሪ ይህን የመጨረሻውን ስሜት ያሳጣናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጉዱ ካሳ ነው። ሰውየው ካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ሰው ያወጣለት ነው። በስሙ ላይ የተለጠፈው ይህ ቃል በራሱ የአንድ ኅብረተሰብ ፍርድ ነው፤ መጽሐፉም ከዳር እስከ ዳር የሚጠይቀን እብዱ ማን ነው? እርሱ ነው ወይስ እብድ ያሉት ናቸው? እያለ ነው። መልሱን ደራሲው አይነግሩንም ባይባልም ወዲያው አይነግሩንም። አንባቢው መጀመሪያ ከመንደሩ ጋር አብሮ ይስቃል፤ ቆይቶ ሳቁ አፉ ላይ ይደርቃል። እንግዲህ ሠዓሊው ጉዱ ካሳን በመጀመሪያው ሥዕል ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ልብሱ የተቀዳደደ አድርጎ ቢሥለው ፍርዱን ከመንደሩ ጋር ፈረደ ማለት ነው። በተቃራኒው እንደ ነቢይ ግንባሩ በርቶ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቢሥለው ደግሞ በስልሳዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን እንደ ነበረው ስሜት የአብዮት አስተማሪ ያደርገዋል። ሁለቱም ይገኛሉ፤ ሁለቱንም በየአእምሯችን ሥለን የያዝን ሰዎች በስደት ማኅበረሰባችን ውስጥ አለን። እኛ የምንመርጠው ሠዓሊው ጉዱ ካሳን ለብዙ ገጽ ከኋላው፣ ወይም በሚሰሙት ሰዎች ፊት ላይ በሚታየው ነገር ብቻ እንዲያሳየን ነው። አንዱ አፉን ይሸፍናል፣ አንዱ ያማትባል፣ በዛብህ ግን ያዳምጣል። የራሱን ፊት የምናየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታሪኩ መጨረሻ አካባቢ፣ ሳቅ ከአንባቢው በራቀበት ጊዜ ይሁን፤ ያን ጊዜ በሁለት ዓይን።

ስለ ሌሎቹ ትዕይንቶች ስናስብ ደግሞ የመጀመሪያው አደጋ ፍቅሩ ሁሉን የመዋጡ ነው። አሳታሚ የሚወደው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፊት ለፊት መተያየት ነው፤ ይህም በሽፋን ላይ ያምራል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ፍቅሩ የሚወለደው ከአቀማመጥ ነው። መምህሩ በትምህርቱ ከተማሪዋ በላይ ነው፤ በዘሩ ግን ከእርሷ እጅግ በታች። ትምህርት ላይ ሳሉ ማን ከፍ ብሎ፣ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ አሽከሮቹ የት እንደሚቆሙ፣ በሩ የተከፈተ ወይም የተዘጋ መሆኑ፣ ይህ ሁሉ ዓይን ለዓይን ከመተያየቱ ይልቅ የታሪኩን ሕመም ይናገራል። ጎበዝ ሠዓሊ ሁለቱን ምንም ሳይነካካ፣ በአንድ ገጽ፣ በመቀመጫቸው ከፍታ ብቻ የማይቻለውን ፍቅር ሊሥለው ይችላል።

በእናቱ በውድነሽ በጣሙ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን ሕፃን፣ ከማንኩሳ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ያለውን የተማሪ ጉዞ፣ ደበሎ ለብሶ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም የሚለውን ልጅ መሣል ቀላል ነው፤ ብዙ ሠዓልያንም ያውቁታል፤ ስለዚህ አናዘግይበትም። የባላገሮቹ አመፅ ግን ሌላ ነው። በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪን የገጠሟቸው ጭሰኞች በአብዛኛው ሥዕል ውስጥ ቢገቡ የሚሆኑት ምን እንደሆነ እንገምታለን፤ ዱላና ጦር ያነሣ፣ ፊት የሌለው ሕዝብ። ይህ የመኳንንቱ ዓይን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ጭሰኞቹ በስማቸው የሚጠሩ፣ ተማክረው፣ አመዛዝነው የተነሡ ሰዎች መሆናቸውን ካሳዩን በኋላ ሥዕሉ ወደ ጭፍራ ሊመልሳቸው አይገባም። ስለዚህ ከጦርነቱ ይልቅ ምክሩ ይሣል እንላለን፤ የተሰበሰቡበት ቦታ፣ የሚናገረው ሰው፣ የሚጠራጠረው ሽማግሌ።

ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ የምትወጣበት ክፍል ደግሞ የአቀማመጥ ችግር አለበት። ሥዕል ከቃል ቀድሞ ይነበባል፤ ገጹን የገለጠ አንባቢ መስመሩን ሳይጀምር ሥዕሉን ጨርሶታል። መነኩሴው ሰብለ መሆኑን የሚገልጥ ሥዕል ከአሥር ገጽ በፊት ቢገባ፣ ወይም መግለጫው ስሟን ቢጠራ፣ ደራሲው የደከሙበት ነገር ይባክናል። ሠዓሊውና የገጹን አቀማመጥ የሚሠራው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸው ለዚህ ነው። መግለጫ የግድ ካስፈለገ «ዘከመ» የሚለው የአባቶች ልማድ ይበቃል፤ የሆነውን በአምስት ቃል ተናግሮ ዝም ይላል።

ልብስና ጠጉርም የራሳቸው ክርክር አላቸው። በጥንቱ ልማድ ያላገባች ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጠጉር ትታ ሳዱላ ትባል ነበር። ታሪኩ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ባለው ጎጃም ውስጥ የሚፈጸም እንደ መሆኑ ሠዓሊው ይህን ልማድ ሊያውቀው ይገባል። የብዙዎቻችን ሰብለ ወንጌል ግን ሹሩባዋ በትከሻዋ ላይ የወረደ፣ እንደ ዘመናችን የቀን መቁጠሪያ ሴት ናት። ሠዓሊው ልማዱን ቢከተል አንባቢው «ይህቺ ሰብለ አይደለችም» ይላል፤ አንባቢውን ቢከተል ዘመኑን ይዋሻል። መፍትሔው በመጀመሪያ መጽሐፉን ስለ እርሷ መልክ ቃል በቃል ምን እንደሚል ለይቶ መዝግቦ መነሣት ነው፤ መጽሐፉ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ግን ልማዱ ይቅደም። አንባቢው ትንሽ ቢደነግጥ አይጎዳም። ስለ ልብሱና ስለ ቤቱ ማስረጃ የሚፈልግ ሠዓሊ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡትን ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች ስብስብ መመልከት ይችላል። ፎቶግራፍ ግን ተጠንቅቀው ሊያዩት ይገባል። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ባለ ማዕረጉ ነው፤ እርሱም የክት ልብሱን ለብሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው። ከዚያ የተቀዳ ሥዕል ሁሉም ሰው በዓል ላይ ያለ ያስመስላል።

ማን ይሣለው የሚለውም ጥያቄ አለ። የቺኑአ አቸቤ የመጀመሪያ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ (የእኛ 1958 ስምንት ዓመት ያህል ይዘገያል)። እ.ኤ.አ. በ1962 የሃይነማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው ሆኖ ሲታተም ዴኒስ ካራባይን የሚባል ሠዓሊ ሥዕል ሠራለት። ኋላ ደግሞ ኡቼ ኦኬኬ ሣለው። ኦኬኬ የኢግቦ ሴቶች በገላና በግድግዳ ላይ የሚሥሉትን ኡሊ የተባለውን መስመር አጥንቶ የጥበቡ መሠረት ያደረገ ሰው ነው። የቆዳ ቀለምና የትውልድ ቦታ ብቻውን ሠዓሊ አያደርግም፤ ጎጃሜ መሆንም ዲማን ለመሣል ፈቃድ አይደለም። ነገር ግን የኦኬኬ ምሳሌ አንድ ነገር ያሳየናል፤ አገሩን የሚያውቅ ሠዓሊ አገሩን የሚገልጠው በሚሥለው ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሚሥልበት መስመር ጭምር መሆኑን። ጎጆውን፣ ጋሻውን፣ ጀበናውን ማንም ይቀዳዋል። መስመሩን ግን አይቀዳውም።

በዚህ ረገድ የምንኖርባት ከተማ ሠዓሊውን የምታስተምረው ነገር አላት። አሚና ብሬንዳ ሊን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1940 እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ በ2015 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ የጥቁሮችን ሰፈሮች፣ ከሁሉ በላይ ያደገችበትን ፖይንዴክስተር ቪሌጅን ስትሥል የኖረች ሴት ናት። ጨርቅ ለቃሚውን፣ በረዶ ሻጩን፣ በየደጁ የሚዞረውን ነጋዴ ሁሉ ሥላለች። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2013 አብዛኛው ፈርሷል፤ ሰዎቹ በሥዕሏ አሉ። ለመጻሕፍትም ሥላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «የኤላይጃ መልአክ» የከተማዋን ፀጉር አስተካካይና እንጨት ቀራጭ ኤላይጃ ፒርስን ታሪክ ለልጆች የሚናገር ነው። ይህቺ ሴት የሽማግሌዎችን ወሬ እየሰማች፣ ያየችውንም ያላየችውንም በትዝታ ስትሠራ ሰዎቹን ንጹሓን አላደረገቻቸውም። እጃቸው ትልቅ ነው፣ ጀርባቸው ጎብጧል፣ ድካማቸው ይታያል። ትዝታን ሳያጣፍጡ መሣል እንደሚቻል ማየት የሚፈልግ ሰው ሥራዋን በውርስ የተቀበለውን የኮሎምበስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይጎብኝ።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረ ሲሆን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ኦሪጅናል ሥራ ይዟል። አንዳንዶቻችን ካርቱን ሲባል የልጆች ማሳቂያ ብቻ አድርገን ስለምንወስደው ለእንዲህ ያለ ክቡር ልብ ወለድ አይመጥንም እንላለን። ነገር ግን በገጽ ላይ በተከፈሉ ተከታታይ ሥዕሎች ታሪክ መተረክ በአገራችን ከማንም የተበደርነው አይደለም። እነ በላቸው ይመር ባስለመዱት የአገር ባህል ሥዕል የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙ ጊዜ በአርባ አራት ክፍል ተከፍሎ፣ ከየሥዕሉ ጋር አማርኛ መግለጫ ተጽፎበት ይሠራ ነበር። ሠዓሊያችን ሁለቱን፣ የኦሃዮውንና የአዲስ አበባውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያያቸው ጊዜን በገጽ ላይ ማስኬድ እንዴት እንደሚቻል ይማራል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ዓይነት መለወጥ ግን አንደግፍም። የመጽሐፉ ግማሽ ጉልበት በንግግሩ ውስጥ ነው፤ የጉዱ ካሳ ክርክር በአፍ ላይ በተነፋ ፊኛ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ ይልቅ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። በየምግብ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች እናውቃቸዋለን፤ ቡና የምታፈላ ቆንጆ፣ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ፣ በገና የሚደረድር ሽማግሌ። ስደተኛ እነዚህን ቢወድ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓይን የተሣለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲው የተቹትን ሥርዓት መልሶ ያጌጠዋል። የፊታውራሪ አዳራሽ የናፍቆት ቦታ ይሆናል፤ የጭሰኛው ግብር ከሥዕሉ ይጠፋል። በመካከላችን ያለፈውን ዘመን የሚናፍቁና የሚያወግዙ ወገኖች እንዳሉ፣ ክርክሩም ዛሬ ድረስ እንዳልበረደ አንባብያን ያውቁታል። ሁለቱም ወገኖች ይህን መጽሐፍ የእኔ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ለጊዜው ተስማምተው ያነቡታል። ሥዕሉ በአንድ ወገን ከቆመ ያ ስምምነት ያበቃል፤ ይህም ከመጽሐፉ ውበት የሚበልጥ ኪሳራ ይመስለናል። ልጆቻችን የሚያዩት አዳራሹ ያማረ መሆኑንም፣ ያማረው በማን ጉልበት እንደሆነም መሆን አለበት። በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለቱን ማስገባት ይቻላል፤ በግብሩ ላይ የተቀመጡትን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን ተሸክማ የምትገባውንም መሣል ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። በእኛ አስተያየት ሥዕሉ በጥቁር ቀለም፣ በመስመር ብቻ ይሁን። የፊደላችን መልክ ከመቃ ብዕር የወጣ ነው፤ ወፍራምና ቀጭን መስመሩ ከእርሳስ ጥላ ወይም ከዘይት ቀለም ጋር በአንድ ገጽ ሲቀመጥ ይጣላል፤ ከብዕር መስመር ጋር ግን ይስማማል። ሌላም ተራ ምክንያት አለ። መጽሐፉ እዚህ ብቻ ሳይሆን በአገር ቤትም ለብዙ ሰው በሚቻል ዋጋ መታተም አለበት፤ ጥላ የበዛበት ሥዕል በርካሽ ወረቀት ላይ ጭቃ ይሆናል፤ መስመር ግን ይጠራል። ከጥቁሩ ጋር አንድ ቀይ ቀለም ቢጨመር የብራናውን ልማድ ያስታውሳል። በየምዕራፉ ራስ ሐረግ ይሣል የሚለውን አሳብ ግን በከፊል ብቻ እንቀበላለን። ለዲማው ክፍል፣ የበዛብህ ዓለም ዜማና ቅኔ በሆነበት ቦታ፣ ሐረጉ ተገቢ ነው። በዛብህ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያው ሐረግ ቢቀጥል ልብ ወለዱን ድርሳን ያስመስለዋል። ሐረጉ ቀስ በቀስ እየሳሳ ሄዶ በከተማው ምዕራፎች ቢጠፋ፣ አንባቢው ሳያስተውለው የቦታውን ለውጥ ይሰማዋል። የሥዕሉ ብዛት ከሃያ ባይበልጥ እንመርጣለን፤ የበዛብህ ሞት ባለበት ምዕራፍ ደግሞ ምንም ባይኖር።

በመጨረሻም የመብት ነገር አለ፤ ይህም በስደት ማኅበሮቻችን ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በኅዳር 1996 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለአምሳ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ቡድን ሠዓሊ ከመቅጠሩ በፊት ከመብቱ ወራሾች ጋር በጽሑፍ መስማማት ይኖርበታል። ስምምነቱ የጽሑፉ አንድ ቃል እንዳይነካ፣ ሥዕሎቹም ከመታተማቸው በፊት እንዲታዩ ቢያደርግ ለሁሉም ወገን ይበጃል። ከዚያ በኋላ ሠዓሊው ገንዘብ ሳይጠየቅ ሦስት ሥዕል ብቻ ሠርቶ ያቅርብ አይባልም፤ ለሦስቱ ይከፈለው። ሦስቱም የትምህርቱ ክፍል፣ የባላገሮቹ ምክርና ጉዱ ካሳ ይሁኑ። እነዚህን ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሆነው ላደጉ ሽማግሌዎችና እዚህ ለተወለዱ ወጣቶች ለየብቻ አሳይቶ የሁለቱን አስተያየት መስማት ይቻላል። ሽማግሌዎቹ ስለ ደበሎው አቆራረጥ፣ ወጣቶቹ ስለ ጉዱ ካሳ ፊት ይነግሩታል ብለን እንገምታለን።